በሽንት ፕሮቲን ለሚያጣ ኩላሊት ቫይታሚን ዲ፦ ከመነሻ ምርመራ እስከ ክትትል

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ኖሯቸው በሽንታቸው ፕሮቲን የሚያጡ ሰዎች ቫይታሚን ዲ ታዝዞላቸው፣ ወይም ራሳቸው ገዝተው፣ ከወራት በኋላ «ምንም አልለወጠም» ሲሉ ይሰማል። ነገሩ ሲፈተሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእንክብሉ አይደለም። መነሻው በትክክል አልተለካም፤ ፕሮቲኑን በዋናነት የሚቀንሱት መድኃኒቶችና የጨው ቅነሳው ሳይስተካከሉ ቫይታሚኑ ብቻውን ተጀምሯል፤ ወይም ስሙ ቫይታሚን ዲ ሆኖ ሥራው ሌላ የሆነ እንክብል ተወስዷል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሳይታወቅ ከፍ ብሎ የተረፈውን ኩላሊት ሲጎዳ ነው።

መመሪያው ዲያሊሲስ ላልጀመሩ አዋቂዎች ነው። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ኩላሊት ለተተከለላቸውና ዲያሊሲስ ላይ ላሉ ሰዎች መጠኑም ክትትሉም ስለሚለይ ከዚህ ወስደው አይጠቀሙ። መጠኑን የሚወስነው የሚከታተልዎት ሐኪም ነው። እዚህ ያሉትን ቁጥሮች ይዘው ሄደው ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩባቸው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ምን ያህል ይጠብቁ?

ከቆዳ ወይም ከምግብ የተገኘ ቫይታሚን ዲ መጀመሪያ በጉበት፣ ቀጥሎ በኩላሊት ተለውጦ ነው ንቁ የሚሆነው። ኩላሊት ሲዳከም የመጨረሻው ለውጥ ይቀንሳል። ንቁው ቅርጽ ሬኒን የተባለውን የደም ግፊት አስነሺ ሆርሞን ስለሚገታ፣ ፕሮቲን የሚያሾልከውን የኩላሊት ማጣሪያ ያግዛል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሳል።

በሰው ላይ የታየው ውጤት ግን መጠነኛ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ሎሳርታንን የመሰሉ፣ የደም ግፊትንና የሽንት ፕሮቲንን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን አስቀድመው ይወስዱ የነበሩ 281 የዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኞች ለ24 ሳምንታት ተከታትለዋል። ፓሪካልሲቶል የተባለውን ንቁ ቫይታሚን ዲ በቀን 2 ማይክሮግራም የወሰዱት የሽንት አልቡሚናቸው (በሽንት የሚወጣው ዋናው ፕሮቲን) ወደ 20 በመቶ ሲቀንስ፣ ባዶ እንክብል የወሰዱት 3 በመቶ ያህል ቀንሶላቸዋል። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መስፈርት ለጥቂት አላለፈም። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1,300 በላይ የዓይነት 2 ስኳር ሕመምተኞች ተካፍለዋል፤ ተራውን ቫይታሚን ዲ3 በቀን 2,000 ዩኒት ለ5 ዓመት የወሰዱት የኩላሊታቸው አቅም መቀነስ ካልወሰዱት አልተለየም።

ስለዚህ ሁለቱን ዓላማዎች አይቀላቅሉ። የቫይታሚኑን እጥረት መሙላት ለአጥንት፣ ለጡንቻና አንገት ላይ ሆኖ ካልሲየምን ለሚቆጣጠረው ፓራታይሮይድ ዕጢ የሚጠቅም፣ መደረግ ያለበት ሥራ ነው። የፕሮቲን መቀነስ ከመጣ ተጨማሪ ትርፍ ነው። ቫይታሚን ዲ ኢናላፕሪልን ወይም ሎሳርታንን አይተካም፤ «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ እነሱን አቁሞ እሱን መጀመር ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ደረጃ 1፦ መነሻውን ይለኩ

*ሽንት*

በስትሪፕ የሚታየው «ፕሮቲን ሁለት ፕላስ» ለክትትል አይበቃም። ውሃ በብዛት ሲጠጡ ሽንቱ ይቀጥንና ፕላሱ ይቀንሳል፤ ሲጠሙ ይጨምራል። የሚያስፈልግዎት የአልቡሚንና የክሬያቲኒን (ከጡንቻ የሚመነጭ፣ ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ምጣኔ፣ በአጭሩ ኤሲአር ነው። በአንድ ግራም ክሬያቲኒን ከ30 ሚሊግራም በታች ጤናማ፣ ከ30 እስከ 300 መካከለኛ፣ ከ300 በላይ ከፍተኛ ይባላል። ውጤቱ በሚሊሞል ከተጻፈ እነዚሁ ድንበሮች በግምት 3 እና 30 ናቸው።

1. ማታ ከመተኛትዎ በፊት ሽንትዎን ይሽኑ።
2. ጠዋት ከአልጋ እንደተነሱ የመጀመሪያውን ሽንት ይስጡ። መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ አፍስሰው መካከለኛውን ይቀበሉ።
3. ቶሎ ወደ ላቦራቶሪ ያድርሱ። የሚዘገይ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት፤ በረዶ እስኪሆን ግን አያድርሱት።
4. በተለያየ ቀን ሁለተኛ ናሙና ይስጡ። አንድ ውጤት ብቻውን መነሻ አይሆንም።

ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የወር አበባ፣ ባለፉት 24 ሰዓታት የተሠራ ከባድ ስፖርት ወይም የጉልበት ሥራ፣ በጣም ከፍ ያለ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለ ቀጠሮውን ያራዝሙ። እነዚህ ሁሉ ፕሮቲኑን ለጊዜው ያስነሳሉ። ከዚያ ምክንያቱ ሲያልፍ የወረደውን ቁጥር ቫይታሚኑ ያወረደው ይመስላል።

የ24 ሰዓት ሽንት ከታዘዘ ስሕተቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያው ላይ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከጀመሩ የዚያን ሰዓት ሽንት *ይድፉት*፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሌሊቱንም ጭምር፣ በዕቃው ያጠራቅሙ። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሽኑና የመጨረሻውን ይጨምሩ። አንድ ጊዜ እንኳ ውጭ ከሸኑ ለላቦራቶሪው ይንገሩና እንደገና ይጀምሩ። የጎደለ ስብስብ «ፕሮቲን ቀንሷል» የሚል የውሸት የምሥራች ያመጣል።

*ደም*

ክሬያቲኒን ከተሰላው የማጣራት አቅም (ጂኤፍአር) ጋር፣ ካልሲየም፣ አልቡሚን፣ ፎስፌት፣ ፖታሲየም፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞንና የቫይታሚኑን ክምችት የሚያሳየው 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ በአንድ ጊዜ ይመርመሩ።

የመጨረሻውን ስም በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ያረጋግጡ። 1፣25-ዳይሃይድሮክሲ የሚባል ሌላ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ምርመራ አለ፤ እሱ የሰውነትን ክምችት አያሳይም። መስፈሪያውንም ይመልከቱ። የአሜሪካ ላቦራቶሪዎች በናኖግራም በሚሊሊትር፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በናኖሞል በሊትር ይጽፋሉ። አንዱ ናኖግራም 2.5 ናኖሞል ነው። «50» የሚል ቁጥር በናኖግራም በቂ ሲሆን በናኖሞል የእጥረት ድንበር ነው። ውጤቱን ለወንድም ወይም ለእህት በስልክ ልከው ሌላ አገር የሚያስነብቡ ከሆነ መስፈሪያውን ሳይጽፉ ቁጥሩን ብቻ አይላኩ።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡ ባዮቲን ያለባቸው እንክብሎች ቫይታሚን ዲውን በሐሰት ከፍ፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞኑን በሐሰት ዝቅ አድርገው ሊያሳዩ ይችላሉ። ቢያንስ 2 ቀን ቀድመው ያቁሙ፤ መጠኑ ብዙ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል።

*አልቡሚን ዝቅ ሲል የሚያሳስቱ ሁለት ቁጥሮች*

በቀን ከ3.5 ግራም በላይ ፕሮቲን የሚያጣ ሰው የደሙ አልቡሚን ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

አንደኛው ካልሲየም ነው። ከካልሲየሙ ከፊሉ አልቡሚን ላይ ተጣብቆ ስለሚዞር አልቡሚን ሲቀንስ ጠቅላላው ካልሲየም ያነሰ ይመስላል። በግምት የሚታረመው እንዲህ ነው፦ አልቡሚኑን (በግራም በዴሲሊትር) ከ4 ይቀንሱ፣ በ0.8 ያባዙ፣ በካልሲየሙ (በሚሊግራም በዴሲሊትር) ላይ ይደምሩ። ካልሲየም 9.2፣ አልቡሚን 2.0 ቢሆን 0.8 ሲባዛ በ2 የሚሰጠው 1.6 ነው፤ የታረመው ካልሲየም 10.8 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» የተባለው በእርግጥ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ግምት ነው፤ አዮናይዝድ ካልሲየም (አልቡሚን ላይ ያልተጣበቀው ነፃው ክፍል) የሚለካበት ቦታ ካለ እሱ ይበልጣል።

ሁለተኛው ራሱ ቫይታሚን ዲ ነው። ቫይታሚኑን በደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲንም ከሽንት ጋር ይወጣል። ተሸካሚው ሲያንስ ጠቅላላው ቁጥር በጣም ዝቅ ይላል፤ ለሴሎች የሚደርሰው ነፃው ክፍል ግን የዚያን ያህል ላይጎድል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሁኔታ 8 ናኖግራም ያዩ እንደሆነ ቁጥሩን ለማሳደድ መጠን ላይ መጠን አይጨምሩ። ፕሮቲኑ ሲቆም ቁጥሩ በራሱም ከፍ ይላል።

ደረጃ 2፦ ዋናዎቹን መጀመሪያ ያስተካክሉ

ከሁሉ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው፤ ውጤቱ ግን በአብዛኛው የሚገኘው ከዚህ ነው።

1. የሬኒን መስመር መድኃኒት። ኢናላፕሪል ወይም ሊሲኖፕሪል፣ አለዚያ ሎሳርታን ወይም ቫልሳርታን፣ ሰውነትዎ በሚችለው ከፍተኛ መጠን ላይ መድረሱን ሐኪሙን ይጠይቁ። ሁለቱን ዓይነት አብረው አይውሰዱ። ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ፖታሲየምና ክሬያቲኒን ይለኩ። ክሬያቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምር የሚጠበቅ ስለሆነ በፍርሃት አያቁሙት፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ፖታሲየም ከ5.5 ካለፈ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ያሳውቁ። ማርገዝ የምታስብ ሴት ይህን መድኃኒት ስለመቀየር አስቀድማ ትነጋገር፤ ፅንስን ይጎዳል።

2. ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን። ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ይጠይቁ። በስኳር መድኃኒትነት ይታወቃሉ፤ ስኳር ለሌለባቸው የኩላሊት ሕመምተኞችም ይታዘዛሉ። ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲይዝዎት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ምግብም ውሃም የማይቀምሱበት ጾም ሲኖር፣ ለጊዜው ስለማቆም አስቀድመው መመሪያ ይቀበሉ።

3. ጨው። ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን፤ ይህ ዝርግ የሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ጨው የበዛበት ሰው ሎሳርታኑ ፕሮቲን የመቀነስ ኃይሉን ያጣል። ችግሩ ጨው ወጡ ላይ ከመጨመሩ በፊት መግባቱ ነው፦ በርበሬው፣ ሚጥሚጣው፣ ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋል፤ ዳቦና አዋዜም አላቸው። ለሕመምተኛው ጨው ያልገባበት በርበሬና ሽሮ ለብቻ ያስፈጩ። ከዚያ ለሳምንት የሚሆነውን ጨው በትንሽ ጠርሙስ ለይተው ያስቀምጡ፤ የአንድ ሰው የሳምንት ጣሪያ 35 ግራም ነው፣ ዳቦ የሚበላ ከሆነ ከዚያ ግማሹን ብቻ ያስቀምጡ። ጠርሙሱ ከሳምንቱ ቀድሞ ካለቀ ምላሹን አግኝተዋል። በ24 ሰዓት ሽንት ሶዲየም ሲለካ ከ90 ሚሊሞል በላይ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚባለውና የሚበላው አልተገናኙም። በፖታሲየም የተሠራ «የጨው ምትክ» አይግዙ፤ ከሎሳርታን ጋር ልብን የሚያቆም የፖታሲየም ጭማሪ ሊያመጣ ይችላል።

4. የሚጎዱትን ያስወጡ። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው፣ በኪኒንም በመርፌም፣ ይቁሙ። ይዘታቸው የማይታወቅ የባሕል መድኃኒቶችም እንዲሁ።

5. «የፈሰሰውን ልተካ» ብለው ሥጋና እንቁላል አይጨምሩ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ለአብዛኛው ሰው የሚመከረው መጠን ነው። የበዛው ፕሮቲን ማጣሪያውን ይጫነዋል።

እነዚህ ከተረጋጉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ኤሲአር እንደገና ይለኩ። *እውነተኛ መነሻዎ ይህ ነው።* ሎሳርታንና ቫይታሚን ዲ በአንድ ሳምንት ከተጀመሩ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ማንም ሊነግርዎት አይችልም። እጥረቱ ከባድ ሆኖ የአጥንት ሕመም ወይም የጡንቻ ድካም ካለ ግን ለመለኪያ ሲባል ሕክምናው አይዘገይም።

ደረጃ 3፦ መጀመር የሌለበትን ይለዩ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ሐኪም ሳያዩ አንድ እንክብል እንኳ አይዋጡ፦

- የታረመው ካልሲየም ከ10.2 ሚሊግራም በላይ (2.55 ሚሊሞል) ከሆነ፤
- ፎስፌት ከመደበኛው ከፍ ካለ፤ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፤
- በሕክምና ላይ ያለ ቲቢ ወይም ሳርኮይዶሲስ ካለ። በእነዚህ ሕመሞች የሚፈጠሩት እባጮች ከኩላሊት ቁጥጥር ውጭ ቫይታሚኑን ንቁ ያደርጉታል፤ በትንሽ መጠንም ካልሲየም ሊሻቅብ ይችላል፤
- የካልሲየም ጠጠር በተደጋጋሚ ከያዘዎት፤
- ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ፤ ካልሲየም ሲጨምር የልብ ምት ይዛባል፤
- ሃይድሮክሎሮታያዛይድ (ከታያዛይድ ወገን የሆነ፣ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ፤ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል። አይከለክልም፣ ክትትሉ ግን ይጠብቃል።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን እንክብል ይግዙ

ፋርማሲ ገብቶ «ቫይታሚን ዲ ስጡኝ» ማለት አይበቃም። በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ።

ተራው። ኮሌካልሲፌሮል (ዲ3) ወይም ኤርጎካልሲፌሮል (ዲ2)። መጠኑ በዩኒት ይጻፋል፦ 1,000፣ 2,000፣ 5,000፣ 50,000። በማይክሮግራም ከተጻፈ 25 ማይክሮግራም 1,000 ዩኒት ነው፤ 1.25 ሚሊግራም 50,000 ዩኒት። እጥረት የሚሞላው በዚህ ነው።

ንቁው። አልፋካልሲዶል፣ ካልሲትሪዮል፣ ፓሪካልሲቶል። መጠኑ 0.25፣ 0.5፣ 1 ወይም 2 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ደካማ ይመስላል፤ በተቃራኒው ኩላሊት የሚሠራውን የለውጥ ደረጃ አልፎ የሚገባ ኃይለኛ ሆርሞን ነው። ያለ ኩላሊት ሐኪም ትዕዛዝ አይወሰድም።

ካልሲየም የተቀላቀለበት። አንዱ ኪኒን ለምሳሌ 500 ሚሊግራም ካልሲየምና 200 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ይይዛል። በዚህ 2,000 ዩኒት ለማግኘት 10 ኪኒን፣ ከነሱም ጋር 5 ግራም ካልሲየም መዋጥ ይጠይቃል። ለኩላሊት ሕመምተኛ ይህ የደም ሥርን በካልሲየም አድርቆ የሚጎዳ ነው። ሐኪሙ ካልሲየም ለይቶ ካላዘዘ ይመልሱት።

የዓሣ ጉበት ዘይትም ቫይታሚን ኤ ስላለበት አይሁን፤ ደካማ ኩላሊት ባለበት ሰው ቫይታሚን ኤ ይጠራቀማል። ውሃ ውስጥ የሚፈላው ኪኒን ሶዲየም ስላለው የጨው ቅነሳዎን ያበላሻል። 300,000 ወይም 600,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ደግሞ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ካልሲየም ቢጨምር የሚቆም ነገር አይኖርም። ይለፉት።

ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር በዘመድ የተላከ ጠርሙስ ካለ አንድ እንክብል ስንት ዩኒት እንደያዘ ፋርማሲስት ያስነብቡ። 5,000 እና 50,000 የሚለያዩት በአንድ ዜሮ ነው።

ደረጃ 5፦ መጠንና አወሳሰድ

በናኖግራም በሚሊሊትር ሲታይ የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦

- ከ20 በታች፦ 50,000 ዩኒት *በሳምንት አንድ ጊዜ* ለ8 ሳምንት፤ ቀጥሎ በየቀኑ ከ1,000 እስከ 2,000 ዩኒት።
- ከ20 እስከ 30፦ በየቀኑ ከ1,000 እስከ 2,000 ዩኒት።
- ከ30 በላይ፦ ለፕሮቲኑ ተብሎ የሚጨመር ነገር የለም። ክምችቱ ሞልቷል።

1. ዘይት ካለው ምግብ ጋር ይዋጡት። ቫይታሚኑ በስብ ስለሚሟሟ በባዶ ሆድ ከጥቁር ቡና ጋር የተዋጠው በደንብ አይመጠጥም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከመጀመሪያው ምግብ፣ ዘይት ከገባበት ሽሮ ወይም ከተልባ ጋር ይውሰደው። በረመዳን ከኢፍጣር ጋር ይሁን።
2. ሳምንታዊው መጠን ቀን ይቆረጥለት፤ እሑድ ከሆነ ሁልጊዜ እሑድ። ስምንቱን ቀኖች በካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉና እየዋጡ ይሰርዙ።
3. ቀኑን ከረሱ ባስታወሱ ጊዜ አንዱን ይውሰዱ። ሁለት አይደርቡ።
4. ኮሌስታይራሚን (የኮሌስትሮል መድኃኒት) የሚወስዱ ከሆነ ቫይታሚኑን ከእሱ ቢያንስ 4 ሰዓት ያራርቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሁሉ የሚደጋገመው አደጋ የ50,000ውን እንክብል በየቀኑ መዋጥ ነው። ይህ ከሆነ ወዲያው ያቁሙ፤ በዚያው ወይም በማግስቱ ካልሲየም፣ ክሬያቲኒንና 25-ሃይድሮክሲ ያስለኩ። ቫይታሚኑ ስብ ውስጥ ስለሚከማች የመጀመሪያው ካልሲየም ደህና ቢሆንም በሳምንት ጊዜ ይድገሙት።

ፀሐይ በሞላበት አገር እጥረት መኖሩ ሰውን ያስገርማል። ጠቆር ያለ ቆዳ ግን ለተመሳሳይ ቫይታሚን ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቀኑን ቢሮ ወይም ቤት ውስጥ የሚውል፣ ወይም ሰውነቱን ሸፍኖ የሚወጣ ሰው አገሩ ፀሐያማ መሆኑ ብዙም አይጠቅመው። ለሕክምና መጠን በፀሐይ ላይ አይተማመኑ።

ደረጃ 6፦ ክትትል

በ4ኛው ሳምንት፦ ካልሲየም፣ አልቡሚን፣ ፎስፌት፣ ክሬያቲኒን።

በ12ኛው ሳምንት፦ እነዚያኑ፣ ከ25-ሃይድሮክሲ፣ ከፓራታይሮይድ ሆርሞንና ከኤሲአር ጋር። ከዚህ ቀድሞ 25-ሃይድሮክሲ መለካት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ደረጃው ገና አልተረጋጋም። ከ30 እስከ 50 ናኖግራም ከደረሰ በቂ ነው። ከ100 ካለፈ ያቁሙ።

ኤሲአሩን በዚያው ላቦራቶሪ፣ በዚያው የጠዋት ናሙና ያሠሩ። ቁጥሩ ምንም ሳይለወጥ እንኳ ከቀን ቀን ይወዛወዛል። ከ800 ወደ 640 መውረድ 20 በመቶ ነው፤ በአንድ ናሙና ከታየ ለውጥ ብለው አይመዝግቡት። 30 በመቶና ከዚያ በላይ ወርዶ በሁለተኛ ናሙና ከተደገመ እውነት ነው ማለት ይቻላል።

*ካልሲየሙን አይቶ መወሰን (የታረመው፣ በሚሊግራም በዴሲሊትር)፦*

- እስከ 10.2፦ ይቀጥሉ።
- ከ10.2 እስከ 11፦ ቫይታሚኑን ያቁሙ፤ የካልሲየም ኪኒን፣ የጨጓራ ማስታገሻ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም ታያዛይድ እንዳለ ይፈትሹ። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይድገሙ።
- ከ11 በላይ፦ ሁሉንም አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ያግኙ።
- ከ12 በላይ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ከባድ ጥማት፣ ብዙ ሽንት፣ ትውከት፣ ድርቀት ወይም ግራ መጋባት ካለ፦ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ፈሳሽ ካልተከለከሉ እስኪደርሱ ውሃ ይጠጡ።

ተራው ቫይታሚን ከቆመ በኋላም ውጤቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። የንቁው ግን በቀናት ውስጥ ይወርዳል።

ደረጃ 7፦ ንቁው ቫይታሚን ዲ መቼ?

በ2017 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የኬዲጎ ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ ዲያሊሲስ ላልጀመሩ ሰዎች ንቁውን በልማድ መስጠትን አይመክርም። ጂኤፍአራቸው ከ30 በታች ሆኖ ፓራታይሮይድ ሆርሞናቸው በጣም ከፍ ላለና እየጨመረ ለሚሄድ ሰዎች ይተወዋል። ምክንያቱ የካልሲየም መጨመር ነው። ለፕሮቲን ብቻ ተብሎ ከታዘዘልዎት «ከመመሪያው ውጭ ለምን መረጡት?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከተጀመረ፦ የተለመደው የካልሲትሪዮል ወይም የአልፋካልሲዶል መነሻ 0.25 ማይክሮግራም በቀን ወይም በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ላይ በየ2 ሳምንቱ፣ ሲረጋጋ በየወሩ ካልሲየምና ፎስፌት፣ በየ3 ወሩ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለኩ። ሆርሞኑን ወደ ፍጹም መደበኛ ለማውረድ አይግፉት፤ ከመጠን በላይ ከተጫነ አጥንት መታደሱን ያቆማል።

አልፋካልሲዶል ወይም ካልሲትሪዮል የሚወስድ ሰው 25-ሃይድሮክሲው *አይጨምርም*፤ ምርመራው እነዚህን አያያቸውም። «አሁንም ዝቅተኛ ነው» እየተባለ መጠኑ ሲደረብ ካልሲየም የሚያሻቅበው ከዚህ የተነሳ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

25-ሃይድሮክሲ ካልጨመረ። የእንክብሉን ካርቶን ያውጡ። ተራው ነው ወይስ ንቁው? ከምግብ ጋር ተወስዷል? የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን ወይም ፌኖባርቢታል አለ? እነዚህ ቫይታሚኑን በፍጥነት ይሰብሩታል። ውፍረት ያለው ሰው ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልገው ይችላል። ፕሮቲኑ ብዙ ከሆነ በደረጃ 1 ያለውን የተሸካሚ ፕሮቲን ጉዳይ ያስታውሱ።

ቫይታሚኑ ሞልቶ ፕሮቲኑ ካልቀነሰ። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ መጠን በመጨመር አይፈታም። ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ፦ ሎሳርታኑ በየቀኑ ይዋጣል? ግፊቱ ቤት ውስጥ ስንት ነው? የሽንት ሶዲየሙ? ስኳሩ? ሁሉም ልክ ከሆነና ኤሲአር ከፍ እንዳለ ከቀረ የሕመሙ ዓይነት እንደገና ይጠየቅ። ባዮፕሲ (ከኩላሊት በመርፌ ትንሽ ናሙና መውሰድ) የሚያስፈልግበት፣ ሕክምናውም ስቴሮይድ ወይም ሌላ የሚሆንበት የማጣሪያ ብግነት ሊሆን ይችላል።

ክሬያቲኒን ከጨመረ። መጀመሪያ ካልሲየምን ይዩ፤ ከፍ ካለ ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ስለሚችል ቫይታሚኑን ያቁሙ። ካልሲየም ደህና ከሆነ ተቅማጥ፣ የውሃ እጥረት፣ አዲስ የሕመም ማስታገሻ ነበር ወይ? ንቁው ቫይታሚን፣ በተለይ ፓሪካልሲቶል፣ የማጣራት አቅምን ሳይቀንስ ክሬያቲኒኑን ብቻ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ሲስታቲን ሲ (ሌላ የማጣራት አቅም መለኪያ) የሚለካበት ቦታ ካለ ይለየዋል። ያለ ምርመራ ግን «ይህ ነው» ብለው አይለፉት።

ፎስፌት ከጨመረ። ቫይታሚን ዲ ከአንጀት ፎስፌት እንዲመጠጥ ያግዛል። ኮላ መጠጦችን፣ የታሸገ ሥጋን፣ የቀለጠ የታሸገ አይብን ያስወግዱና መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ።

በድንገት እብጠት ከባሰ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ። ብዙ ፕሮቲን የሚያጣ ሰው ደሙ በቀላሉ ይረጋል። የቀጠሮ ቀን አይጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ደረጃው ከተረጋጋ በኋላ በዕለታዊው መጠን እየቀጠሉ ካልሲየምና ኤሲአር በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ 25-ሃይድሮክሲ በዓመት አንድ ጊዜ ይለኩ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የእንክብሉን ካርቶን ራሱን ይዘው ይሂዱ፤ በአንድ ደብተር ላይም ቀኑን፣ የእንክብሉን ስምና ዩኒት፣ ኤሲአሩን፣ ካልሲየሙን ከአልቡሚኑ ጋር፣ ክሬያቲኒኑንና የዚያን ሳምንት የደም ግፊት በአንድ መስመር ይጻፉ። ሐኪም ቢቀየር ወይም አገር ቢለወጥ አዲሱ ሐኪም ከዜሮ አይጀምርም።